ከእውነተኛ የሰውና የእንስሳ ታሪክ የፊልም ስክሪፕት ማውጣት፦ የቱን ልያዝ?

የሱሉልታ ልጅ (ክሩን የከፈተ) · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መውጫ። አጫጭር ስክሪፕቶች ጽፌ ጓደኞቼ ቀርጸውልኛል። አሁን የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም መጻፍ እፈልጋለሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ፣ የተደበቀ ልጅ፣ በውርስ የተጣላ ቤተሰብ፣ ይኼን ሁሉ ደጋግመን አይተነዋል። እኔን የሚይዘኝ በሰውና በእንስሳ መካከል የሆነ ነገር ነው። በእውነት የሆነ።

እስካሁን ያገኘሁትን ላስቀምጥ። የጃፓኑ ውሻ ሀቺኮ አለ። ጌታው በ1925 እ.ኤ.አ. ሥራ ቦታው ሳለ ሞተ፤ ውሻው ግን እስከ 1935 ድረስ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቀው። ከእኛም አገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከከፋ የተሰማውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የተጠለፈች የ12 ዓመት ልጅ ጫካ ውስጥ ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቿን አባረውላት፣ ሰው እስኪደርስ አጠገቧ ቆዩ ተባለ። ዓለም ሁሉ ዘግቦታል። ደግሞ የሐረሮቹ አሉ፤ ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቡን በስሙ እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱት።

የቱን ልያዝ? ሌላ የምታውቁት ካለም ጠቁሙኝ። በጀት እንደሌለኝ ግን አትርሱ።

ቀይ እስክሪብቶ · ቅዳሜ፣ ማታ 3፡25

ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አንስተሃል። ከሀቺኮ ልጀምር። ሁሉም ሰው ስለ ውሻው ታማኝነት ያወራል። ግን አስበው፤ ውሻው በመጀመሪያው ሳምንት ጠበቀ፣ በዓመቱም ጠበቀ፣ በዘጠነኛው ዓመትም ጠበቀ። አልተለወጠም። ፊልም ደግሞ የሚለወጥ ሰው ይፈልጋል።

ታዲያ ማን ተለወጠ? የጣቢያው ሰዎች። መጀመሪያ እንደማንኛውም የመንገድ ውሻ ያባርሩት፣ ይመቱት ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ጋዜጣ ታሪኩን ሲያወጣው እነዚያው ሰዎች ይንከባከቡት፣ ምግብ ያቀርቡለት ጀመር። በ1934 ሐውልት ቆመለት። ውሻው በሕይወት እያለ ማለት ነው፤ ሲመረቅም እዚያው ነበር። እኔ ብጽፈው የምይዘው ድሮ በእርግጫ ሲያባርረው የነበረውን፣ ዛሬ ሐውልቱ ሥር ቆሞ የሚያጨበጭበውን የጣቢያ ሠራተኛ ነው። ያ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን ይላታል? እኔ ያንን ትዕይንት ለማየት ትኬት እቆርጣለሁ።

ታሪኩ ግን በ1987 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፊልም ሆኗል። ስለዚህ ተወው፤ ዘዴውን ብቻ ውሰድ። እውነተኛ የእንስሳ ታሪክ ባገኘህ ቁጥር፣ በእንስሳው ምክንያት መወሰን ያቃተውን ሰው ፈልግ። እሱን ካላገኘህ የያዝከው ዜና ነው።

የሐረሩን ብዙ ካሜራ ስለደረሰበት እለፈው።

ማሂ ኮተቤ · ቅዳሜ፣ ማታ 3፡50

አይጥስ ለምን አይሆንም? ማጋዋ የሚባል፣ ታንዛኒያ የሠለጠነ ትልቅ የአፍሪካ አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ በማሽተት አግኝቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥም የዚያው ዓይነት አይጦች ከአክታ ናሙና የሳንባ ነቀርሳ ያሸታሉ። አይጥ ሲታይ ከሚጮኽበት ቤት ያደገች ልጅ አይጥ አሠልጣኝ ብትሆንስ? እኔ ይኼን ባየው ደስ ይለኛል።

የሱሉልታ ልጅ · ቅዳሜ፣ ማታ 4፡05

ማሂ፣ ይኼ በጣም ደስ ይላል። የሠለጠነ አይጥ ከየት አምጥቼ እንደምቀርጽ እንጃ እንጂ። የአሠልጣኟን ነገር ግን ለራስሽ ያዥው፤ አንቺ ጻፊው።

ጠበቃው ከለገጣፎ · እሑድ፣ ጠዋት 1፡30

ስለ ከፋዋ ልጅ የምለው አለኝ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ያኔ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። ዜናውን መለስ ብላችሁ ብታነቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ አንበሶቹ ነው። ተአምር ያለ አለ። አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ደግሞ ለቅሶዋ የአንበሳ ግልገል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል አሉ። ተጠልፋ ስትደበደብ የሰነበተችው ልጅ ግን በራሷ ታሪክ ውስጥ ጥግ ላይ ቀረች። ፊልም ጸሐፊ መጥቶ ያንኑ ይድገመው ወይ? እኔ አይመስለኝም። የምር ከያዝከው ፊልሙ የጠለፋ ፊልም ነው። አንበሶቹ አምስት ደቂቃ ቢታዩ ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ሕጉ። በእውነት የሆነ ነገር በራሱ የማንም ንብረት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና ተራ መረጃን አይጠብቅም። ጋዜጠኛው የጻፈበትን አጻጻፍ ግን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሁነቱን መውሰድ ትችላለህ፣ ዓረፍተ ነገሩን አትችልም። የሰው መልክ ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ስም ማጥፋትም ያስጠይቃል።

ከሕጉ በላይ ደግሞ ሰውየው አለ። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ በእሷ ሕይወት ላይ የተመሠረተው ሴት ቅር ተሰኝታ ነበር። ፊልሙ በኋላ ታየ። እኔ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ባለ ታሪኩ በሕይወት ካለ፣ ብዕር ከማንሳትህ በፊት ሄደህ አናግረው። ከፈቀደ በጽሑፍ ይሁን። ካልፈቀደ ተወው፤ ቅር የተሰኘ ባለ ታሪክ በየትም ብትዞር አይለቅህም።

ቀይ እስክሪብቶ · እሑድ፣ ጠዋት 2፡15

ጠበቃው እንዳለው ነው። እኔ የምጨምረው፣ የማንም ያልሆነ ታሪክም ሞልቷል። በአንድ ሰው ላይ የሆነ ሳይሆን በየመንደሩ፣ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ፈልግ። እውነት ነው፣ ግን ባለቤት የለውም።

የጋማ ከብት ሐኪም · እሑድ፣ ከሰዓት 8፡40

እንዲህ ያለውን ክር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰበታ አካባቢ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ አክማለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ያሉትን ዓይነት ታሪክ የምታገኝ ይመስለኛል። ከደጅህ ነው ያለው።

በዓለም ላይ የእኛን አገር ያህል አህያ ያለው አገር የለም። በትግራይ የተሠራና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የጅብ አይነ ምድር እየሰበሰቡ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ፤ ጅቡ ምን እንደበላ በፀጉሩ ይታወቃል። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ ያለውን አነጻጸሩ። በጾሙ ወራት የተገኘው የአህያ ፀጉር ከዚያ በፊት ከነበረው በእጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕዝቡ ሲጾም ሉካንዳው ይዘጋል፣ አጥንትና ትርፍራፊ አይጣልም። ጅብ አይጾምም። ስለዚህ ወደ አህያ ይዞራል።

ሌላው ነገር ይኸው። አህያ ጓደኛ ትይዛለች። ሁለት አህዮች ለዓመታት አብረው ከኖሩ አይለያዩም፤ አብረው ይግጣሉ፣ አንገት ለአንገት ተደጋግፈው ይቆማሉ። አንዷ ስትሞት ወይም ስትሸጥ የቀረችው መብላት ልታቆም ትችላለች። አህያ መብላት ስታቆም ደግሞ አደጋ ነው። የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ይለቀቃል፣ ጉበቷ ይጎዳል፣ በቀናት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ቀጥ ብላ ቆማ ታያታለህ፣ ውስጧ ግን አልቋል።

የሱሉልታ ልጅ · እሑድ፣ ከሰዓት 9፡05

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይኼንን እያነበብኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኛ ሰፈር እኮ ሳር፣ ድርቆሽ፣ ወተት፣ ሁሉም በአህያ ነው የሚሄደው። ማታ ማታ ጅቡ ከእንጦጦ በኩል ሲጮህ እንሰማዋለን። በጾም ወቅት ይቀርባል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ቀይ እስክሪብቶ፣ የሚወስነው ሰው ማን ነው እንግዲህ? ባለ አህያው?

ቀይ እስክሪብቶ · እሑድ፣ ከሰዓት 10፡30

ባለ አህያው የተበደለው ነው። እኔ የማየው ባለ ሉካንዳውን ነው።

ደግ ሰው አድርገው። ለዓመታት ማታ ሱቁን ሲዘጋ አጥንቱን ከኋላ በር ያወጣል። ጅቡ ለምዷል። ማንም አይቶ አይቃወምም፤ መንደሩ ንጹሕ ሆነ እንጂ ምን ተጎዳ? ከዚያ የቅበላው ሳምንት ያልፋል፣ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ሱቁ ይታሸጋል። 55 ቀን። ጅቦቹ ይመጣሉ፣ በሩ ዝግ ነው። በማግስቱም ይመጣሉ። ሱቁ አጥር ተዋስኖ ሁለት አህያ ያለው ጎረቤት አለ። አንድ ሌሊት አንዷን ወሰዷት።

አሁን መንደሩ ሁሉ ባለ አህያውን ይወቅሳል። በረቱን አላጠበቀም፣ ውሻ አላሳደገም፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እየተባለ ይተረትበታል። ጅቡን ማን መንደር ድረስ እንዳስለመደው የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፣ ይጾማል፣ ለጎረቤቱም ከልቡ አዝኗል። ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? የቀረችው አህያ ደግሞ መብላት አቁማለች።

ሰዓቱ ራሱ ይቆጥርልሃል። ከጾሙ መጨረሻ በፊት ባለው እሑድ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ ሆሳዕና ነው። መንደሩ በሙሉ ዘንባባ በጣቱ አስሮ ጌታን የተሸከመችውን አህያ ያስባል።

ተመልካች ነኝ · እሑድ፣ ማታ 1፡15

ይቅርታ፣ እኔ ፊልም አይቼ የምደሰት ሰው ነኝ፣ ጸሐፊ አይደለሁም። ግን ይኼ ጾሙን ጥፋተኛ አያስመስልም? ሰውስ አህያ በጅብ ስትበላ ለማየት ሲኒማ ይገባል? ቤተሰብ ይዤ ልሄድ ነው እኮ።

ቀይ እስክሪብቶ · እሑድ፣ ማታ 1፡40

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ጾሙ አላጠፋም። ጅቡም አላጠፋም፣ ርቦት ነው። ባለ ሉካንዳውም በክፋት አላደረገውም። ክፉ ሰው ሳይኖር ጉዳት ሲደርስ ነው ሰው ከሲኒማ ወጥቶ ሲከራከር የሚያመሸው። ሲበሏት ማሳየቱ ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ፤ አይታይም።

ከካሜራ ጀርባ · እሑድ፣ ማታ 2፡20

እኔ ቀረጻ ላይ ነው የምሠራው። በጀት የለኝም ስላልክ ከገንዘቡ አንጻር ልንገርህ።

ጅብ አታሳይ። አታገኘውም፤ ብታገኘውም የሌሊት መብራት ኪራይ ይጨርስሃል። ድምፁን ግን በነጻ ታገኘዋለህ። ስክሪፕቱ ላይ «ጅብ ከበረቱ ጎን ያልፋል» ብለህ ከመጻፍ «ውሾቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ» ብለህ ጻፍ። የኛ ተመልካች ውሻ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ለአንዷ ገጸ ባሕርይ ሁለት የሚመሳሰሉ አህዮች ያስፈልጉሃል፤ አንዷ ከደከማት ሌላዋ ትገባለች። አህያ የማታውቀው መሬት ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ብትጎትታት ይብስባታል። ስለዚህ ቦታውን ቀድመው ይልመዱት። ፈረስ ቢሆን ይበረግግና ይሮጥብህ ነበር።

አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወደ 90 ገጽ አስብ። ወቅቱም ጥሩ ነው፤ ጾሙ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ውስጥ ስለሚውል የሱሉልታ ሜዳ ደርቆ ቢጫ ይሆናል። ክረምት ላይ እንዳትቀርጽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ ድምፅ የሚባል አይኖርህም።

የጫኝ ልጅ ከቡራዩ · ሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ትናንት ማታ ሁሉንም አነበብኩት። እኔን አባቴ ያሳደገኝ በአህያ ጭኖ ነው። ከቡራዩ በአስኮ አድርጎ እህል፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የተገኘውን። ስለዚህ ባለ አህያው ሲጻፍ ዝም ብሎ የሚበደል ምስኪን እንዳይሆን እፈራለሁ።

አባቴ ጠዋት ጭነት ሳይጭን አንድ ነገር ያደርጋል። መዳፉን ጀርባዋ ላይ ያሳርፍና ከጫንቃዋ እስከ ወገቧ ቀስ እያለ ይስበዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የሞቀ ቦታ እየፈለገ ነው። የሞቀ ካለ ገጣባ ሊወጣ ነው ማለት ነው፣ ያን ቀን አይጭናትም። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ዝም ብላ ታየዋለች እንጂ አትናገርም፤ ምክንያቱም እሱ «ዛሬ ትረፍ» ካለ ዛሬ ምሳ የለም። አንዳንዴ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ይወጣ ነበር።

ከዚህ ሰው አህያውን ስትወስዱበት ምን እንደወሰዳችሁበት ተመልካቹ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ንብረት ብቻ አይደለችም፤ መዳፉ የሚያውቃት ናት።

የቢሾፍቱውም ትዝ ይበላችሁ። በ2009 ዓ.ም. ቻይናዎች ያቋቋሙት የአህያ ቄራ ሕዝቡ አልፈልግም ብሎ ነው የተዘጋው። ቆዳዋ ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይፈለጋል። ያኔ ሰው አህያን ይንቃል እየተባለ አይደለም እንዴ የኖርነው? ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ለእሷ ተቆጣ።

የሱሉልታ ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 3፡00

የቡራዩዋ እህቴ፣ የመዳፉን ነገር ካነበብኩ በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አባትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ መጥቼ ባናግራቸው ደስ ይለኛል። ጠበቃው እንዳሉት ምን እንደምወስድና ምን እንደማልወስድ ቁጭ ብለን እንስማማለን። እንቢ ካሉም አከብራለሁ።

ወስኛለሁ፣ የጾሙን እጽፋለሁ። ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው፦ ለዓመታት ጅብ ሲያበላ የኖረ የሱሉልታ ባለ ሉካንዳ፣ በዐቢይ ጾም ሱቁን ሲዘጋ ጅቦቹ የጎረቤቱን አህያ ይበላሉ፤ የቀረችው አህያ ከጓደኛዋ ሐዘን ሳትሞት በፊት እውነቱን መናገር ወይም ጎረቤቱን አብሮ እያጽናና ዝም ማለት አለበት።

የመጀመሪያው ትዕይንት ረቂቅ፦

*ውጭ። የሉካንዳው ጓሮ። የቅበላ የመጨረሻ ማታ። ባለ ሉካንዳው አጥንት የሞላ ባልዲ ይዞ ይወጣል። ይደፋዋል። ባልዲውን ሁለቴ በድንጋይ ይመታል፣ ለመጥራት። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ ሁለት አህዮች ጆሯቸውን ያቆማሉ። ጎረቤቱ ከቤቱ፦ «ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አበላሃቸው?» ባለ ሉካንዳው እየሳቀ፦ «እስከ ፋሲካ ይታገሡ እንግዲህ!»*

ቀይ እስክሪብቶ · ሰኞ፣ ማታ 3፡35

ባልዲውን መምታቱ በጣም ጥሩ ነው። በጾሙ መካከል አንድ ልጅ ሳያውቅ ባልዲ ይምታ። የጎረቤቱን ጥያቄ ግን አውጣው። ጎረቤቱ ስለ አጥንቱ ካወቀ ባለ ሉካንዳው የሚደብቀው ነገር የለውም፣ ፊልምህ እዚያው ያልቃል።

የሱሉልታ ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ወጥቷል። ጎረቤቱ ለቅሶ ቤት ሄዶ ይሁን፤ አህዮቹ ብቻ ይስሙ።

የጋማ ከብት ሐኪም · ሰኞ፣ ማታ 4፡10

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፣ ስክሪፕቱ ውስጥም ይጠቅምሃል። አንዷ አህያ ስትሞት የቀረችው ሬሳውን እንድታየው እንመክራለን። ቀርባ ታሸታለች፣ ትነካካለች፣ አጠገቡ ትቆማለች፤ ከዚያ በራሷ ጊዜ ትተወዋለች። ሳታይ ከተወሰደባት ግን እየዞረች ትፈልጋለች፣ ትጣራለች፣ አትበላም።

በአንተ ታሪክ መንደርተኛው ለባለ አህያው አዝኖ ጠዋት የቀረውን ቶሎ ያነሳለታል ብለህ አስብ። ያነሳውም ባለ ሉካንዳው ራሱ ይሁን። ከደግነት ነው። አህያዋን ግን ያስራባት ያ ነው። ሐኪም ገብቶ ይኼን ሲናገር ባለ ሉካንዳው አጠገቡ ይቁም።

ሌላው፣ ዝም ብላ መሬት የምታይ አህያ ደህና ናት ብለህ እንዳትጽፍ። ድርቆሹን ወደ አፏ አስጠግታ የማትውጥ ከሆነ ታማለች። ተዋናይዋ አህያ ያንን ማድረግ ስለማትችል ድርቆሹ በማግስቱ እዚያው እንዳለ ማሳየት ይበቃል።

የጫኝ ልጅ ከቡራዩ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

አባቴን ጠየቅኩት። «ስለ አህያ ፊልም ይሠራሉ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ይምጣ አለ። ስሙ እንዲጠቀስ አይፈልግም። ቅዳሜ ና፣ ግን ከ12 ሰዓት በፊት ድረስ፤ ጭነት ከጀመረ አያወራም። የወንድሜን አድራሻ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።